ገዳዩ ዘበኛው ነው

መጽሐፉ ሽፋን የለውም። የራሱ ሽፋን ተገንጥሎ ካርቶን ተተክቶለታል፤ ካርቶኑ ደግሞ በጋዜጣ ተለብዷል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾችም የሉም። ታሪኩ የሚጀምረው ከገጽ 9 ነው። አንድ ነጋዴ ቢሮው ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። መርማሪው ቆሎ እየቆረጠመ ሬሳውን ያያል። ከገጹ አናት ባለው ባዶ ቦታ ላይ አንድ የማናውቀው ተከራይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎበታል፦ «ገዳዩ ዘበኛው ነው። አትልፋ።»

ያኔ 12 ዓመቴ ነበር። ከተማው ደሴ፣ ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ። ሰኞ ገበያ አካባቢ መጽሐፍ የሚያከራይ ኪዮስክ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ከፊት ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሻማና ከረሜላ ይሸጣል። ከጀርባው ባለችው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ሠላሳ የሚሆኑ መጻሕፍት ነበሩት፤ አብዛኞቹ የወንጀል፣ የስለላና የፍቅር ናቸው። ለአንድ ሌሊት 25 ሳንቲም። መያዣው የተማሪ መታወቂያ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስናልፍ ካልመለስን ሌላ 25 ሳንቲም ይቆጠርብናል።

እኔና ታላቅ ወንድሜ በሽርክና ነበር የምንከራየው። እሱ 15፣ እኔ 10። ብዙ ያዋጣ ቀድሞ ያነባል። እኔ ተራዬ እስኪደርስ እተኛለሁ፤ ሲጨርስ ይቀሰቅሰኛል።

የዚያን ዕለት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። ሻማው ጣት የምታህል ቀርታዋለች። ወንድሜ ኪሱን የተበረበረ ሰው መስሏል።

«መጨረሻው የለም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሙጫው ለቆ የመጨረሻው እጥፍ፣ 16 ገጽ ሙሉ፣ ወድቋል። መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን በሙሉ አንድ ሳሎን ሰብስቦ «ከእናንተ አንዱ» ብሎ አፉን ሲከፍት መጽሐፉ ያልቃል። ጠዋት ወንድሜ ኪዮስኩ ሄደና «ሳንቲማችንን ይመልሱልን» አለ። ጋሼ ገልጦ አየና ሳቀ። «ለዚህ ብሎ እኮ ነው ልጁ ከፊት የጻፈልህ!»

ግን የተከራይ ማስታወሻ ማን ያምናል? አንዳንዱ ሆን ብሎ ይዋሻል። አንድ መጽሐፍ ላይ ሦስት ተከራዮች በሦስት ቀለም ሦስት ገዳይ ጽፈውበት አይቻለሁ። ስለዚህ መጨረሻውን ራሳችን ልንጽፈው ወሰንን። ወንድሜ ዘበኛው ነው አለ። ማስረጃው የዘበኛው ካፖርት ነበር። መጽሐፉ ያን ሌሊት ዝናብ ሲጥል አደረ ይላል። ዘበኛው ደግሞ በር ላይ ቆሜ ነው ያደርኩት ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ጠዋት መርማሪው ካፖርቱን ተቀብሎ የሟቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቶቹ ላይ፣ ጣል ያደርገዋል። ወረቀቶቹ ግን አልረጠቡም፤ በኋላ አንድ በአንድ ያነባቸዋል። ወንድሜ ይህንን ነው የያዘው። እኔ ጸሐፊዋ ናት አልኩ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ቆንጆ ናት ስለተባለ ብቻ ነው። እሱ አራት ገጽ፣ እኔ ሦስት ገጽ፣ በሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍን። ሳምንት ሙሉ ተነታረክን።

ይህንን ያነሳሁት ሰዎች አንድ ጥያቄ ስለሚያበዙብኝ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ በዓመት ከ30 እስከ 40 መጽሐፍ አነባለሁ። «ጊዜውን ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። የማነበው የወንጀል፣ የስለላና የፍቅር ልብወለድ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ፊታቸው ይቀየራል። «አሃ፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነዋ!» መልሱ ያለው እዚያው ላይ ነው፤ እነሱ ግን ሰምተውት ያልፋሉ።

ለዘጠኝ ዓመት ያህል ማንበብ አቁሜ ነበር። ጥፋቱ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ዶርም ውስጥ ሰው ሁሉ ፍልስፍናና የመሪዎች ታሪክ ይዞ ይንጎራደዳል። እኔ ከትራስ ስር የፍቅር ልብወለድ ደብቄያለሁ። አንዲት የዶርም ልጅ አገኘችውና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ «ቁም ነገር» ብቻ ላነብ ወሰንኩ።

ከ1998 እስከ 2007 ስንት መጽሐፍ እንደጨረስኩ ልንገራችሁ? አራት። መግዛት ግን አላቆምኩም። ወፍራም ወፍራሙን እየመረጥኩ ነበር የምገዛው። ማታ እገልጣለሁ፣ ሁለት ገጽ እሄዳለሁ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ እነዚያን መጻሕፍት አወረድኳቸው። ውስጣቸው ምልክት ያደረግኩባቸው ወረቀቶች እንደተሰኩ ነው፤ የባንክ ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት ማዘዣ። ከገጽ 40 ያለፈ አንድም የለም። ስልኩ ሲመጣ ደግሞ ያችንም ሁለት ገጽ ወሰዳት።

በ2007 ክረምት ስታዲየም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዝናቡ ሊጀምር ነው። መጽሐፍ አዟሪው ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ በሰልፉ ዳር ይመጣል። እኔ ጋ ሲደርስ ወፍራሞቹን አልፎ ከታች አንዲት የተጎሳቆለች ቀጭን መጽሐፍ መዘዘ። የስለላ ታሪክ፣ ትርጉም። «እህቴ፣ ይቺን ያዢያት። ታክሲው ሳይመጣ ገጽ 10 ትደርሻለሽ» አለኝ። ደህና ነጋዴ ሰው ያውቃል። ገዛኋት። መውረድ የነበረብኝ ሃያ ሁለት ነው። ቀና ስል መገናኛ ነኝ። በመልስ ታክሲ ተመለስኩ፤ እሱም ውስጥ አነበብኩ። ሽሮ ጥጄ አነበብኩ፤ ሽሮው አረረ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጨረስኳት።

ጥሩ መጽሐፍ ነበረች ወይ? ኧረ ቀሽም ናት። ሰላዩ በየከተማው ሻንጣ ይረሳል፤ ሻንጣውን የምታገኝለት ሁልጊዜ አንዲት ቆንጆ ናት። ግን ከስንት ዓመት በኋላ አንድ መጽሐፍ በአንድ ቀን ጨርሻለሁ። በማግስቱ ሌላ ልገዛ ያንን አዟሪ ፈለግኩት። አንባቢ መሆን እንደ ጉልበት ነው መሰለኝ፤ ታሞ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ግቢውን ይዞራል እንጂ እንጦጦ አይወጣም።

ማፈሩ ግን ቶሎ አለቀቀኝም። ሰው ሲያሾፍብኝ የምመልሰው ነገር ያስፈልገኝ ነበር። የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት የአማርኛ ልብወለድ በተጀመረበት ቦታ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ርዕሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። ዛሬ ልብወለድ የምንለው ቃል ከዚያ ርዕስ የወረስነው ነው። ትምህርት ቤት ዓመተ ምህረቱን ሸምድደን ነበር ያለፍነው። ትልቅ ሆኜ ሳነበው ደነገጥኩ። ጦርነት አለ። ምርኮ አለ። የባሪያ ነጋዴ አለ። ወንድ መስላ ለብሳ የምትጓዝ ቆንጆ አለች። መጨረሻ ላይ ሠርግ አለ። ይሄ መጽሐፍ ዛሬ አዲስ ሆኖ ቢወጣ አዟሪው ከእነዚያ ቀጫጭኖቹ ጋር ነው የሚደረድረው። የሁሉም አባት የሚባለው መጽሐፍ ጀብዱና ፍቅር ከሆነ እኛ ምን አድርገን ነው የምናፍረው?

ሁለተኛው መልሴ ነቢይ መኮንን ነው። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመበትን መንገድ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ወረቀት የለም። ስለዚህ ወደ 3,000 በሚጠጋ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጻፈው። ወረቀቱ በሚፈቱ እስረኞች በኩል እየሾለከ ወጣ። ያ ሁሉ መከራ የታየው ለምን መጽሐፍ ነው? በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስላለች አንዲት ግትር ሴት ፍቅርና ቅናት ለሚያወራ መጽሐፍ። ማታ ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው የመረጠው እሱን ነው። ይህንን ካወቅኩ በኋላ የፍቅር መጽሐፍ ደብቄ አላውቅም።

ኦሮማይንም ልጨምር። በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዚህ ምክንያት ስለ መጽሐፉ ሲወራ ሁሌ ፖለቲካው ነው የሚቀድመው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ስለላ ታሪክ ነው፤ አስመራ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ፣ ፊያሜታ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ የማይታወቅበት ከተማ። ፖለቲካው የገባኝ በሁለተኛው ንባብ ነው። ለሁለተኛው ንባብ ያበቃኝ የመጀመሪያው ነው።

ይህን ሁሉ ስል በአማርኛ የሚጻፈው ልብ አንጠልጣይ ሁሉ ይጥመኛል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እንደነሱ የሚያናድደኝ የለም፤ ስለምወዳቸው ነው መሰለኝ። ትልቁ ቅሬታዬ ኑዛዜው ነው። 200 ገጽ ሙሉ ፍንጭ ስንለቅም እንከርምና መጨረሻ ላይ ገዳዩ ራሱ ተነስቶ ከልጅነቱ ጀምሮ ሕይወቱን ይተርክልናል። መርማሪው ምንም አልሠራም፤ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ቀጥሎ አጋጣሚ ነው። አምስት ሚሊዮን ሰው ባለበት ከተማ ተፈላጊው ሰው ሁልጊዜ መርማሪው ማኪያቶ የሚጠጣበት ካፌ ይገባል። እኔ እዚሁ ከተማ ስኖር የራሴን አክስት ቦሌ ላይ በአጋጣሚ አግኝቻት አላውቅም።

ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ እሱም የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1929 ለመርማሪ ታሪክ አሥር ሕጎች አወጣ። ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት። ከአንድ በላይ ምስጢራዊ መተላለፊያ አይፈቀድም። መርማሪው ራሱ ወንጀሉን መፈጸም የለበትም። መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው መታየት አለበት። ግማሹን በቀልድ ነው የጻፈው፤ ጎበዝ ጸሐፊዎችም ሕጎቹን እየጣሱ ድንቅ ድንቅ ነገር ሠርተዋል። ግን ከጀርባው ያለው ስምምነት ደስ ይለኛል። ደራሲውና አንባቢው ገበጣ እንደሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጠጠሩ ሁሉ ሁለቱም ፊት ነው። ደራሲው ከኪሱ ሌላ ጠጠር ቢያወጣ ይቀየሙታል።

ስለዚህ እኔ ገጽ 30 ላይ ቆም እላለሁ። እስካሁን ስንት ሰው ተዋወቅኩ? ከእነሱ መካከል የምጠረጥረው አለ? ከሌለ ደራሲው ገዳዩን ገና አልወለደውም ማለት ነው፤ በኋላ ከሰማይ ሊያወርደው ነው። እዚያው ላይ መጽሐፉን እዘጋለሁ። አዎ፣ እዘጋለሁ። ሰው ይህንን ስነግረው ይደነግጣል። ገንዘብ አውጥቼበት እንዴት ብዬ? ብሩ አንዴ ሄዷል፤ ሌሊቴን ምርቃት አልሰጥም። ሳይጨርሱ መዝጋትን ከተማርኩ ጀምሮ ነው ብዙ የምጨርሰው። ሽፋኑ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ካየሁ ደግሞ ገጽ 30 ድረስም አልታገስ። እውነት መሆኑ የደራሲውን ስንፍና ሲሸፍንለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ትርጉም ስትገዙ የውስጡን ገጽ እዩ። የዋናው መጽሐፍ ርዕስና ደራሲ ካልተጻፈ ተጠንቀቁ። ውርስ ትርጉም የሚባለው አንድ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ታሪኩን ወስዶ እዚህ ማስፈር። በደንብ ሲሠራ ስፌቱ አይታይም። ሳይሠራ ሲቀር ግን ጉድ ነው። አንድ ያነበብኩት ላይ ባለታሪኩ አበበ ይባላል፤ ከምድር ውስጥ ባቡር ወርዶ፣ ከጫማው ላይ በረዶ አራግፎ፣ ካዛንቺስ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ጥብስ ሠርታ ትጠብቀዋለች። ለሁለት ቀን ሳቅኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ጊዜና ገንዘብ። የአንድ አዲስ ልብወለድ ዋጋ የብዙ ቀን ምሳዬን ይበላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤት የመጽሐፍ ዕቁብ ጀመርን። ስድስት ነን። በወር 150 ብር እንጥላለን። ዕጣ የወጣለት ሰው በብሩ የፈለገውን መጽሐፍ ይገዛል። ምርጫው የራሱ ነው፤ ማንም ቃል አይናገርም። እሱ መጀመሪያ ያነባል፣ ከዚያ በየአሥር ቀኑ ለቀጣዩ ሰው ይተላለፋል። ሁሉም ጋ ዞሮ ሲያልቅ መጽሐፉ ተመልሶ የዕጣው ባለቤት ይሆናል። ዳኛ አለን፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ያልጨረሰ ሰው ሳይጨርስ ያስተላልፋል፤ አይቀጣም። መጨረሻውን የተናገረ ግን ለአምስቱም ማኪያቶ ይገዛል። ይህንን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ሰማያዊ እስክሪብቶ እያሰብኩ ነው።

ዕቁቡ ያመጣው ያልጠበቅኩት ነገር አለ። አንድ የሥራ ባልደረባችን አለ፤ ኮስታራ ሰው፣ ከግብር ሕግ ውጪ የሚያወራ አይመስልም። የመጀመሪያው ዕጣ ለእሱ ወጣ። ሁላችንም የኢኮኖሚ መጽሐፍ ጠበቅን። ሰኞ ዕለት የፍቅር ልብወለድ ይዞ መጣ፤ በታክስ አዋጅ ሽፋን ለብዶታል። ማንም ምንም አላለም። በሦስተኛው ዙር ሽፋኑን አወለቀው።

ጊዜን በተመለከተ ትልቅ ምስጢር የለኝም። ስልኬን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። ለመነሳት ስለምሰንፍ እዚያው ያድራል። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አለ፤ ታክሲ ሰልፍ፣ ባንክ ሰልፍ፣ የልጆች ትምህርት ቤት በር። በሰልፍ ብቻ በወር አንድ መጽሐፍ ይወጣል፤ የከተማችን ሰልፍ እንደምታውቁት ነው። ወፍራሙን ለቤት አስቀምጣለሁ። ልብስ ሳጥብ ትረካ እሰማለሁ። ትረካ ማንበብ ነው አይደለም እያሉ የሚከራከሩ አሉ። እናቴ ፍቅር እስከ መቃብርን የምታውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሰምታ ነው፤ ፊደል አልቆጠረችም። ስለ ሰብለወንጌል ከእናቴ ጋር ለመከራከር የደፈረ ይምጣ።

ስለ እናቴ ካነሳሁ አይቀር፣ ለእሷ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የፍቅሩን ትወዳለች፤ የስለላውን «ውሸታሞች» ትላለች። አንዴ አስፈሪ ታሪክ አነበብኩላት። ሌሊት ወደ ጅብነት ስለሚቀየር ሰው ነው። እኔ ገጹን ስገልጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። እሷ ጥጧን እየፈተለች ጸጥ ብላ ሰማችና «ይሄንንማ አውቀዋለሁ፤ የአያትሽ ጎረቤት ነበር» አለች። በአማርኛ አስፈሪ ልብወለድ ብዙ የማይጻፈው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ግማሹ አንባቢ ዜና ይመስለዋል።

ያንን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ግን አልረሳሁትም። አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ ለገሃር አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ በሄድኩ ቁጥር እጠይቅ ነበር።

«ርዕሱ?»

«አላውቀውም።»

«ደራሲው?»

«አላውቀውም።»

«እሺ ሽፋኑ ምን ይመስላል?»

«ካርቶን ነው።»

ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክርም ሄጃለሁ። አገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ቅጂ እዚያ ገቢ ስለሚሆን ሊኖር ይገባል። ግን ቆሎ በሚቆረጥም መርማሪ የሚፈለግ ካታሎግ የለም።

ባለፈው መስከረም ዕቁባችን ላይ ይህንን ታሪክ ለሳቅ ብዬ አወራሁ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው አንዲት ባልደረባችን አሉ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ማኪያቷቸውን አስቀምጠው «ካፖርት ያለው ዘበኛ አለ?» አሉኝ። ፀጉሬ ቆመ። ሰኞ ዕለት ከሟች ባለቤታቸው ካርቶን ውስጥ አውጥተው አመጡልኝ። ሽፋን አለው። ከገጽ 1 እስከ 8 አለው። የመጨረሻው እጥፍም አለ። በምሳ ሰዓት ቢሮዬን ዘግቼ 16ቱን ገጽ አነበብኩ።

ገዳዩ የሟቹ ሸሪክ ነው። ስድስት ገጽ ሙሉ ተናዘዘ። ከልጅነቱ ጀመረ።

ወንድሜ አሁን ሪያድ ነው፤ ሾፌር ነው። የሚያርፈው አርብ ስለሆነ እስከ አርብ ታገስኩ። ደወልኩለትና ሰላምታውን ሳንጨርስ «አገኘሁት» አልኩት። ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም።

«ማነው?»

«ሸሪኩ።»

ዝም አለ። ከጀርባው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ካፖርቱስ?»

«ስድስት ገጽ ሙሉ ተናዘዘ፤ ስለ ካፖርቱ ግን ምንም አላለም።»

«ስድስት ገጽ ተናዞ ካፖርቱን አላነሳም?»

«አላነሳም» አልኩ።

«እንግዲያው ስሚ እታለም» አለ። «ሰውየው ዋሽቷል። ዘበኛውን ለማዳን ነው።»